ከአሞራ ገደል ጀምሩ፦ ልጅን ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ደረጃ በደረጃ ለማስተማር

ልጄ 2ኛ ክፍል እያለች ስለ ብርቅዬ እንስሳት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘን፣ ጭላዳ እያለች ሁሉንም በቃሏ ወጣችው። አንዳቸውንም ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ፈተናው ሲያልፍ ስሞቹም አብረው አለፉ።

በዚያው ሰሞን አንድ ቅዳሜ ዓሣ ልንገዛ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። ከጭንቅላታችን በላይ ትልቁ ዛፍ ላይ አንድ ቡናማ አሞራ ተቀምጧል። በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ወፎች አንዱ ነው። ከሥሩ ሰው ይተላለፋል፣ ዓሣ ይገዛል፣ ሾርባ ይጠጣል። ቀና ብሎ ያየው የለም። ልጄ የምታጠናቸው እንስሳት ሁሉ ሩቅ አገር ያሉ ይመስሏት ነበር። ለመጥፋት የተቃረበ አንድ እንስሳ ግን እዚሁ ሰፈራችን አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ይሆናል። ሐዋሳ ላላችሁ እንዳለ ይሠራል። የሚያስፈልገው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ እርሳስ፣ ያረጀ ካርቶን፣ መቀስና የቅዳሜ ጠዋት ነው። የርቀት መነጽር ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁም አትጨነቁ፤ እዚህ ወፎቹ ቅርብ ናቸው።

አንደኛ፦ አንድ ጠዋት ምንም አታስተምሩ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት አካባቢ ድረሱ። ጀልባዎቹ ሲገቡ፣ ዓሣው ሲበለት ወፎቹም ይሰበሰባሉ። ልጁን አስቀምጡና ዝም በሉ። «ያቺ ምን ትባላለች?» እያላችሁ አትፈትኑት። ራሱ ይጠይቅ።

ልጄ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አባ ኮዳ ነበር። «እማዬ፣ አንገቱ ላይ ያለው ኮዳ ውስጥ ውሃ አለ?» የለም። ምግብም አያጠራቅምበትም፤ አየር ነው ያለው። ቀጥላ እግሩ ለምን ነጭ እንደሆነ ጠየቀች። የእግሩ ቆዳ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። ነጩ ነገር የራሱ ኩስ ነው። ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይለቀዋል፤ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ይሄን ስነግራት ለ10 ደቂቃ ያህል ከእግሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። እንዲህ ዓይነት ነገር ለልጅ ከየትኛውም ንግግር ይበልጣል።

ሦስት ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት አስጠንቅቁ። ምግብ በእጅ ይዞ መዞር አይቻልም፤ ጦጣ ይነጥቃል። ወፍ ማባረር የለም። እንስሳ መመገብ ደግሞ በፍጹም። የመጨረሻው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አዋቂው ሁሉ ሲመግብ ልጁ ያያል።

እኔም አንድ ጊዜ ለጉሬዛ ዳቦ ሰጥቻለሁ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ጉሬዛ ግን ቅጠል በል ነው። ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተሠራ ነው፤ ቅጠሉ እዚያ ውስጥ እየፈላ ነው የሚፈጨው። ዳቦና ብስኩት ይሄን ሆድ ያበላሽበታል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ደግሞ ቀስ በቀስ ይዳፈራል፣ ከዚያ ይናከሳል፣ ከዚያ በድንጋይ ይመታል። ይሄን ለልጄ ነግሬ «ተሳስቼ ነበር» አልኳት። አሁን ሰው ሲመግብ ስታይ እሷ ናት የምታስረዳው። ምናልባት ጦጣ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ቶሎ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ነገ አየዋለሁ አይባልም።

ሁለተኛ፦ ደብተሩን ክፈቱ

ልጁ አንድ እንስሳ ይምረጥ። አንድ ብቻ። የእኛ ልጅ ያንን ቡናማ አሞራ መረጠች። ጥንብ አንሳ ከሚባሉት መካከል ከትንንሾቹ አንዱ ነው። ምንቃሩ ቀጭን ነው። ፊቱ ላባ የለውም፣ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ሲቆጣ ወይም ሲደነግጥ ቀይ ይሆናል። ከጭንቅላቱ ጀርባ እስከ አንገቱ ሻሽ ያሰረ የሚመስል ለስላሳ ጸጉር አለው። ከአባ ኮዳ ጋር የሚያምታታ ልጅ ካለ እግሩን ይይ፦ አባ ኮዳ ረጅም ነው፣ ሽማግሌ ይመስል ቆሞ ይውላል። ጥንብ አንሳው አጭር ነው።

በየቅዳሜው አንድ ገጽ ይሞላል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን ሲያደርጉ እንደነበር። ከሥሩ ሥዕል። ሥዕሉ ማማር የለበትም። መቁጠሩ ግን በሥርዓት ይሁን፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ። አንድ ቀን በጠዋት ሌላ ቀን በከሰዓት ከተቆጠረ ቁጥሩን ማወዳደር አይቻልም። የዱር እንስሳት ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፤ ይሄን ለልጁ ንገሩት፣ ይኮራበታል።

ዜሮም ይጻፍ። ልጄ አንድ ቅዳሜ ምንም ስላላየች ገጹን ባዶ ልትተወው ፈለገች። «ጥንብ አንሳ፦ 0» ብላ እንድትጽፍ አደረግኩ። ያላየነውም መረጃ ነው።

ሦስተኛ፦ ቃላቱን በካርድ ለዩ

ይሄኛው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብዙ አዋቂም ይምታታበታልና። ብርቅዬ፣ አገር በቀል፣ ለመጥፋት የተቃረበ፣ መጤ፤ አራቱም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ብርቅዬ» የሚለውን ስንሰማ ጥቂት የቀረ ይመስለናል። ስለ እንስሳትና ዕፅዋት ሲነገር ግን እዚህ ብቻ የሚገኝ ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙም ሊሆን ይችላል።

ካርቶኑን የመጫወቻ ካርታ ያህል እየቆረጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስም ጻፉ፦ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ጉሬዛ፣ ጥንብ አንሳ፣ ቆርኬ፣ የባሌ ጦጣ፣ ዋንዛ፣ ባህር ዛፍ፣ እምቦጭ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ካርድ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። «ሌላ አገር ይኖራል?» እና «አደጋ ላይ ነው?»

መልሶቹ ልጁን ያስገርሙታል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም በዱር አይኖርም፤ ግን ገና በብዛት አለ። ብርቅዬ ነው፣ ለመጥፋት አልተቃረበም። ጥንብ አንሳው ተቃራኒው ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በብዙ አገር ይገኛል፣ ብርቅዬ አይደለም። ግን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሁሉም በላይ አስጊ በሆነው ደረጃ አስቀምጦታል። ጉሬዛ ሌላም አገር አለ፣ አሁን ያለበት ሁኔታም ያን ያህል አያሰጋም። ቀይ ቀበሮ ሁለቱም ናት፤ እዚህ ብቻ ነው የምትኖረው፣ አዋቂዎቹ ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። የባሌ ጦጣም የኛው ብቻ ነው። ቀርከሃ ነው ዋና ምግቡ፤ በባሌ ብቻ ሳይሆን በዚሁ በሲዳማ ደጋም ይገኛል። ልጄ ይሄን ስትሰማ «ታዲያ ለምን የባሌ ተባለ?» ብላ ተከራከረች። ልክ ነች።

ወደ ዕፅዋቱ ስትመጡ ዋንዛ አገር በቀል ነው፤ ሌላም የአፍሪካ አገር ስላለ ግን ብርቅዬ አይባልም። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ። መጤ ሁሉ ክፉ ነው ብላችሁ ግን አታስተምሩ። በቆሎም ድንችም መጤ ናቸው። ልዩነቱ እምቦጭ ውሃውን ሸፍኖ ሌላውን ማፈኑ ነው።

አራተኛ፦ «ለምን ያልቃሉ?» ሲባል

ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ተዘጋጁ። «ሰዎች ክፉ ስለሆኑ» ብላችሁ አትመልሱ። ልጁ ይፈራል፣ ወይም ሰውን ይጠላል። ሰንሰለቱን አሳዩት።

ሲባጎ አምጡ፤ ካርዶቹን በእሱ አያይዙ። ጅብ ወይም ውሻ ያስቸገረው ሰው ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል። አሞራውን ሊገድል አላሰበም። ውሻው ይበላና ይሞታል። ጥንብ አንሳው በድኑን ይበላና እሱም ይሞታል። አንድ በድን ላይ ብዙ አሞራ ስለሚሰፍር በአንድ ቀን ብዙ ያልቃል። ሴቷ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። የሞተው ቶሎ አይተካም። ጎጆዋን የምትሠራው ትልቅ ዛፍ ላይ ነው፤ ዛፉ ከተቆረጠ ሌላ ችግር ነው።

ከዚያ ሲባጎውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሳቡት። አሞራ ባይኖርስ? የጥንብ አንሳ ሆድ አሲዱ ብርቱ ነው፤ የአባሰንጋ ጀርም እንኳ አይተርፍበትም። በነጻ የሚሠራ ጽዳት ማለት ነው። ሕንድ ውስጥ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሆነውን ንገሩት። ከብቶችን ዳይክሎፌናክ በሚባል ማስታገሻ ያክሙ ነበር። እኛም ለወገብ ሕመም የምንወጋው እሱኑ ነው። መድኃኒቱ በሞተው ከብት ሥጋ ውስጥ ይቀርና የአሞራውን ኩላሊት ያቃጥላል። ሦስት ዓይነት ጥንብ አንሳዎች ከመቶ 95 በላይ አለቁ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፣ የባለቤት አልባ ውሻ ቁጥር ጨመረ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ከፍ አለ።

እዚህ ላይ አታቁሙ። ልጄ እዚህ ጋ ስደርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቀጣዩን ወዲያው ንገሩ፦ ምክንያቱ ተጣርቶ ተገኘ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እልቂቱም ረገብ አለ። መፍትሔ የሌለው አሳዛኝ ታሪክ ለልጅ ብቻውን አይሰጥም።

ስለ ቀይ ቀበሮ ሲጠይቅም መልሱ ያው ሰንሰለት ነው። ባሌ ላይ ከእረኞች ጋር የሚዞሩ ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፉባታል። በ2003 እ.ኤ.አ. በዚህ ምክንያት ብዙ ሞተዋል። ስለዚህ እዚያ ውሻ ማስከተብ ቀበሮን ማዳን ነው። ቤታችሁ ውሻ ካለ ልጁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስከትቡ። መርፌው ምን እንደሚሠራ በዓይኑ ያያል።

ስለ ሐይቁ ደግሞ አንድ ሳፋ ይበቃል። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃን የመሳሰሉ ወንዞች ይገቡበታል፤ ከእሱ ተነስቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለም። ሳፋው ላይ ውሃ ሙሉ፣ የተቆራረጠ ፌስታል ጨምሩ፣ ፀሐይ ላይ ተዉት። ውሃው በየቀኑ ይቀንሳል። ፌስታሉ አይቀንስም። ማብራሪያ አያሻውም።

አምስተኛ፦ የሰፈር ልጆችን አስገቡ

ልጃችሁ ብቻውን ተምሮ ጎረቤቱ በወንጭፍ ወፍ ቢለቅም ዋጋ የለውም። ይባስ ብሎ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ጋር ይጣላል።

እኛ ሰፈር አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የላስቲክ ወንጭፍ ከኪሱ አይጠፋም። አጥራችን ላይ ያለው ግራር የወፍ ጎጆ ሞልቶታል፣ እሱም እዚያው ሥር ነው የሚውለው። ልቆጣው ወጣሁና ሐሳቤን ቀየርኩ። «ማሙሽ፣ ስንት ጎጆ አለ እዚህ ላይ?» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል «14፤ ሦስቱ ባዶ ናቸው» አለኝ። የትኛው ጫጩት እንዳለበት፣ የትኛው በንፋስ እንደወደቀ ሁሉ ያውቃል። ወፍ የሚገድለው ስለሚጠላ አይደለም። ሰፈሩ ውስጥ እሱን የሚያህል የሚያስተውል የለም። ማንም ግን ስለዚህ ጠይቆት አያውቅም።

ደብተር ገዝቼ ሰጠሁት። የጎጆዎቹ ኃላፊ አልነው። ወንጭፉን አምጣ አላልኩትም። ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ትናንሾቹን «እንዳትነኩ፣ ጫጩት አለ» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ያለ ልጅ ሰፈራችሁ ካለ አትቆጡት፤ ሥራ ስጡት።

መንገድ ላይ የጦጣ ግልገል ወይም ወፍ ይዞ የሚሸጥ ብታዩ ደግሞ አትግዙ። አዝናችሁ ብትገዙም ነገ ሌላ ይያዛል። የግልገሏ እናትም ብዙውን ጊዜ ተገድላ ነው።

ስድስተኛ፦ ትልቅ ሰው ይጠይቅ

ደብተሩ ዛሬን ይመዘግባል። የትናንቱ ያለው አዛውንቶች ዘንድ ነው። ልጁ ከቤት ሦስት ጥያቄ አዘጋጅቶ ይሂድ፤ በልጅነትዎ ምን እንስሳ ነበር፣ የት ያዩት ነበር፣ አሁንስ? በአክብሮት ይጠይቅ፣ ሥራ ላይ ያለን ሰው አያቋርጥ።

ልጄ መረብ ሲጠግኑ ያገኘቻቸውን አንድ ሽማግሌ «ጋሼ፣ ድሮ ዓሣው እንዴት ነበር?» አለቻቸው። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ክንዳቸው ላይ ለኩላት። ከዚያ ከቅርጫቱ አንድ ቆሮሶ አንስተው እዚያው ክንዳቸው ላይ አጋደሙት። ግማሹን እንኳ አልሸፈነም። «ልጄ፣ መረቡ ዓይኑ ጠበበ። ያላደገውንም ይዞ ይወጣል» አሏት። ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ እንደምትፈለፍልም ነገሯት። ልጄ ቤት እስክንደርስ አፏን ሞልታ፣ ጉንጯን ነፍታ ነበር የሄደችው።

ሰባተኛ፦ አንድ ዋንዛ አብቅሉ

እጅ ሥራ ካልያዘ ትምህርቱ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ዋንዛን የመረጥኩት ፍሬው ለልጅ ስለሚመች ነው። ቢጫ ሆኖ ሲበስል ይወድቃል፤ ውስጡ ጣፋጭና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነው። ነጭ አበባውን ንብ ይወደዋል።

የወደቀውን የበሰለ ፍሬ ልቀሙ። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ጠዋት ከአሸዋ ጋር እያሻሹ ሥጋውን ማስለቀቅ የልጁ ሥራ ይሁን። ፍሬውን አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ፤ ፀሐይ ላይ አይሆንም። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ የችግኝ ፕላስቲክ ሙሉ። አፉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስም ይሆናል፤ ታቹን ብሱት። ፍሬውን የጣት ጥፍር ያህል ብቻ ቅበሩት። ጥላ ሥር አድርጋችሁ አፈሩ እንዳይደርቅ አጠጡ።

አሁን ትዕግሥት ነው። ከአንድ ወር በላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ቆፍሮ ማየት ይፈልጋል፤ ሁሉም ይፈልጋሉ። ለዚህ መፍትሔው ስምንት አሥር ፍሬ መዝራትና አንዱን «የመቆፈሪያ» ብሎ መስጠት ነው። እሱን እንደፈለገ ይቆፍር። የበቀለው ክረምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲደላደል ይተከላል። ቦታው ዛፉ ትልቅ ሲሆን የማይቆረጥበት ይሁን። የመብራት ሽቦ ሥር አትትከሉ። ከተተከለም በኋላ ፍየል እንዳይበላው ማጠርና በበጋው ማጠጣት አለ። ብዙ ችግኝ የሚሞተው ይሄ ሲዘነጋ ነው።

ስምንተኛ፦ ራቅ ያለ ጉዞ

ጉዞውን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። መቁጠርና ማስተዋል ያልለመደ ልጅ ፓርክ ሄዶ ከመኪና መስኮት አምስት ደቂቃ ያያል፣ ከዚያ ስልክ ይጠይቃል።

ከሐዋሳ የሚመቸው የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ነው። በሻሸመኔ በኩል ነው የሚኬደው። እዚያ ያለው የስዌይን ቆርኬ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ፊቱ ረጅም፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ቀለሙ ቡናማ። ድሮ ሶማሊያም ነበር። እዚያ ጠፍቶ አሁን በዓለም ላይ የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ባሌ ሩቅ ነው፤ ሰነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለልጅ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። ከተቻለ ግን ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታደባ ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የትም ብትሄዱ መንገዱን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በጠዋት ውጡ፣ የፓርኩን አስጎብኚ ያዙ። ልጁም ጥያቄውን ለአስጎብኚው ራሱ ያቅርብ።

እኛ ሰንቀሌ የሄድነው ባለፈው ዓመት ነው። ልጄ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ አሞራ ገደሉ ቅዳሜ፣ በመጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥላ ሰዓቱን ጻፈች። ሥዕሉን አልጨረሰችውም። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ይሄ ነው፦ «ቆርኬ፦ 41። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አንዷ ግልገል አላት። ግልገሉ እናቱ ስትሄድ ይሄዳል፣ ስትቆም ይቆማል።»